ለምሽትና ለሌሊት የዱር አሳማና ኮዮቲ አደን የቱ ስኮፕ ይሻላል? ከጥያቄው እስከ 20ኛው መልስ

ጥያቄውን ያነሣው ከዳላስ ወጣ ባለ ራንች (የከብት እርባታ መሬት) ላይ የዱር አሳማና ቀበሮ መሰሉን ኮዮቲ እንዲያድን ባለቤቱ የፈቀደለት ሰው ነው። ጠመንጃው ባለ .308 ቦልት አክሽን፣ ስኮፑ (ጠመንጃው ላይ የሚገጠመው የማነጣጠሪያ መነጽር) ደግሞ የተለመደው 3-9×40 ነው፤ ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 40 ሚሊሜትር የሆነ ማለት ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንስሳው በስኮፑ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ይታያል፤ የማነጣጠሪያው ቀጭን ጥቁር መስቀል ግን ጥቁሩ አሳማ ገላ ላይ ሲያርፍ ጨርሶ ይጠፋል። ሱቅ ውስጥ ባለ 30 ሚሊሜትር ቱቦ 6-24×50 ስኮፕ አሳይተውት ብርሃን በደንብ እንደሚሰበስብ ነግረውታል። በጀቱ እስከ 1,000 ዶላር ነው። ይግዛው ወይስ ይተወው?

1ኛው መልስ በትሕትና ጥያቄውን በጥያቄ መለሰ። አደኑ የሚካሄደው ፀሐይ ጠልቃ ዓይን እስኪይዝ ባለው ጊዜ ነው ወይስ እኩለ ሌሊት ላይ? ሁለቱ የተለያዩ ግዢዎች መሆናቸውን አስረዳ። ለምሽቱ ጥሩ የመስታወት ስኮፕ ይበቃል። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ግን የቱም መስታወት የሌለ ብርሃን አይፈጥርም፤ ያኔ ምርጫው ቴርማል (ሙቀትን ወደ ምስል የሚለውጥ) ወይም ዲጂታል የሌሊት ስኮፕ ይሆናል። ይህን መልስ ሁሉም አንብቦት ቢሆን ኖሮ ከታች የተነሣው ጭቅጭቅ ግማሹ ባልተነሣ ነበር።

2ኛው ሱቁ ያሳየውን ስኮፕ ደገፈ። ማስረጃው የድንግዝግዝ ቁጥር የሚባለው ስሌት ነው፤ ማጉላቱን በፊት ሌንሱ ስፋት አባዝቶ ስኩዌር ሩት ማውጣት። 3-9×40 በ9 እጥፍ 19 ገደማ ሲያወጣ 6-24×50 በ24 እጥፍ ከ34 በላይ ያወጣል፤ እንግዲህ ትልቁ ቁጥር አሸናፊ ነው የሚል ነው።

3ኛው ይህን አፈረሰው፤ እንደ እኔ ከክሩ (ከዚህ የጥያቄና መልስ ሰንሰለት) ሁሉ ደጋግሞ መነበብ ያለበት ይኸው ነው። ስኮፑን ክንድ እስኪዘረጋ አርቆ ይዞ ወደ ብሩህ ሰማይ ማሳየት በቂ መሆኑን ጻፈ። የዓይን ሌንሱ መሐል ላይ ትንሽ የብርሃን ክብ ትታያለች፤ ማጉሊያው ቀለበት ሲዞር ትጠባለች፣ ሲመለስ ትሰፋለች። ወደ ዓይን የሚገባው ያ ክብ ነው። ስፋቱ የሚገኘው የፊት ሌንሱን ሚሊሜትር ለማጉላቱ በማካፈል ነው፤ 50 ለ24 ሲካፈል 2.1 ሚሊሜትር ይደርሳል። በጨለማ 6 ወይም 7 ሚሊሜትር የተከፈተ የዓይን ብሌን በ2.1 ሚሊሜትር ክብ ቢያይ የሚያየው ጭለማ ነው። የድንግዝግዝ ቁጥሩ ይህን ጉድለት አያሳይም፤ የመስታወቱን ጥራትም አይቆጥርም። ማጉላት ዝርዝር ለመለየት እንደሚጠቅም ግን 3ኛው አልካደም፤ የሚጠቅመው ክቡ ከብሌኑ እስካላነሰ ድረስ ነው። ቀጥሎ ያሰላው ለጠያቂው ደስ የሚል ዜና ነበረው፦ አሁን ያለው 3-9×40 በ9 እጥፍ 4.4 ሚሊሜትር፣ በ6 እጥፍ 6.7 ሚሊሜትር ይሰጣል። ማታ ማታ ቀለበቱን ከ9 ወደ 6 መመለስ ብቻ ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል፤ ገንዘብም አያስወጣም።

4ኛው ዕድሜን አስገባ። የወጣት ብሌን በጨለማ 7 ሚሊሜትር አካባቢ ሲከፈት ከ50ዎቹ ዕድሜ በኋላ ብዙ ሰው 5 ሚሊሜትር ላይ ይቆማል። ስለዚህ 8×56 የሚሰጠው 7 ሚሊሜትር ክብ ለወጣት ሙሉ ጥቅም ሲኖረው፣ ለጋሼዎቹ ግን ትርፉ ዓይን ውስጥ ሳይገባ ይቀራል፤ 42 ሚሊሜትር የፊት ሌንስ በ8 እጥፍ 5.25 ስለሚሰጥ ይበቃቸዋል፣ ክብደቱም ይቀላል። 56ቱ ለእነሱም ቢሆን አንድ ጥቅም እንደማያጣ ግን አከለ፦ ክቡ ሰፊ ሲሆን ጭንቅላት ትንሽ ቢዛነፍም ምስሉ ዙሪያውን አይጠቁርም።

5ኛው አጭር እርማት ነው። የቱቦው ውፍረት ብርሃንን አይጨምርም። ከ1 ኢንች ወደ 30 ሚሊሜትር መሄድ የሚያስገኘው በአብዛኛው ተጨማሪ የማስተካከያ ስፋትና ጥንካሬ ነው። ስኮፕ ብርሃን ይሰበስባል የሚለውም ለገበያ የተነገረ ነው፤ ምርጥ የተባለው እንኳ ከገባበት ብርሃን ከ90 እስከ 95 በመቶ ገደማ ያሳልፋል እንጂ አይጨምርበትም።

6ኛው ብዙም ሳያብራራ ከኦስትሪያና ከጀርመን ውጪ ያለ ስኮፕ ሁሉ ገንዘብ ማባከን መሆኑን ጽፎ ሄደ።

7ኛው እዚህ ላይ ቆጣ ብሏል። ዝም ብሎ የብራንድ ስም መጥራት ጠያቂውን እንደማይረዳው ከገለጸ በኋላ ወደ ቁጥር ገባ። ባልተቀባ መስታወት እያንዳንዱ ገጽ ላይ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ ስኮፕ ውስጥ ደግሞ ብዙ ገጾች አሉ። ስለዚህ ሁሉም ገጽ በብዙ ንብርብር የተቀባ መሆኑ ግዴታ ነው፤ ሳጥኑ ላይ ፉሊ መልቲ ኮትድ የሚለው ይህ ነው። ይህ ከተሟላ በኋላ በ90 እና በ92 በመቶ መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን አይለየውም፤ በ4 እና በ6 ሚሊሜትር ክብ መካከል ያለውን ግን ማንም ይለየዋል፤ የክቡ የገጽ ስፋት 2.25 እጥፍ ነውና። ውድ መስታወት ጥቅሙ ሌላ ቦታ ላይ እንደሆነም አልሸሸገም፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሌንሱ ላይ የሚፈሰውን ነጸብራቅ ይቆጣጠራል፣ የምስሉንም ጥራት እስከ ጠርዙ ይይዛል። ለንጽጽር ሱቅ ውስጥ በኒዮን መብራት ሥር ማየት እንደማይረባ፣ ሁለቱን ስኮፖች እኩል ማጉላት ላይ አድርጎ ሲመሽ ደጅ ማየት እንደሚገባ መከረ።

8ኛው ሁሉም የረሱትን የጠያቂውን ዋና ችግር አነሳ። ሰውየው ያለው እንስሳው አይታይም አይደለም፤ መስቀሉ ይጠፋብኛል ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው ወፍራም ሬቲክል (የማነጣጠሪያ መስቀል)፤ የጀርመን ቁጥር 4 በሚባለው ከግራ፣ ከቀኝና ከታች የሚመጡት ክንዶች ወፍራም ስለሆኑ መሐሉ ባይታይ እንኳ ዓይንን ወደ መሐል ይመራሉ። ሁለተኛው መሐሉ ላይ የምትበራ ትንሽ ነጥብ። ነጥቧ ግን እጅግ ዝቅ ብላ መብራት መቻል አለባት። ብዙ ርካሽ ስኮፖች ዝቅተኛው ደረጃቸው እንኳ ለምሽት ይበዛል፤ ቀዩ ብርሃን በቱቦው ውስጥ ተረጭቶ ምስሉን ያጥበዋል፣ በጨለማ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት የፈጀውን ዓይንም ያበላሻል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ማታ ጥቁር ካርቶን 100 ያርድ ላይ አቁሞ ነጥቧን ከዝቅተኛው ጀምሮ ከፍ ማድረግ፤ የካርቶኑ ጠርዝ ሳይጠፋ ነጥቧ የምትታይበት ደረጃ ከሌለ ያ ስኮፕ ለምሽት አይሆንም። ባትሪ ለማይፈልጉ ደግሞ ትሪጂኮን አኩፖይንት 2.5-10×56ን ጠቀሰ፤ ቀን የውጭውን ብርሃን በሚያስገባ ፋይበር፣ ሌሊት በትሪቲየም (ሬዲዮአክቲቭ ጋዝ) ይበራል። ትሪቲየም በ12 ዓመት ገደማ ኃይሉ በግማሽ እንደሚቀንስ ማወቅ አሮጌ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ይጠቅማል።

9ኛው የፊተኛው ፎካል ፕሌን (ሬቲክሉ ከማጉሊያው ሌንሶች ፊት የሚቀመጥበት አሠራር) ዘመናዊና የተሻለ አይደለም ወይ ሲል ጠየቀ፤ 10ኛውም ሳይቆጣ መለሰለት። በፊተኛው ፕሌን ላይ ያለ ሬቲክል ከምስሉ ጋር አብሮ ይጎላል፣ አብሮ ያንሳል። ማታ ማጉላቱ ወደ 4 ወይም 5 ሲወርድ መስቀሉ እንደ ፀጉር ይቀጥናል፤ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይሰወራል። በኋለኛው ፕሌን ላይ ያለው ግን ውፍረቱ አይለወጥም። ዋጋው አንድ ነው፦ ለርቀት የተሰመሩት ታችኛ ምልክቶች ልክ የሚሆኑት በአንድ ማጉላት ላይ ብቻ ነው፣ በአብዛኛው በከፍተኛው። 12 እጥፍ ላይ የተለካ ምልክት 6 እጥፍ ላይ ሁለት እጥፍ ያሳያል። ምሽት ላይ 150 ያርድ ለማይሻገር አዳኝ ይህ ጉዳቱ ኢምንት ነው፤ በዚህ እስማማለሁ።

11ኛው ገብቶ እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ያለፈበት እንደሆነ፣ ቴርማል እያለ ስለ ሚሊሜትር ማውራት ጊዜ ማጥፋት እንደሆነ ጻፈ። አሳማ በበጋ ሙቀት ቀን ቀን ተኝቶ ሌሊት እንደሚንቀሳቀስ ማስታወሱ ትክክል ነው። ባለ 640 ሴንሰር (በወርዱ 640 የምስል ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል ያለው) የሆነ ሁሉ ከባለ 384 ይልቅ አጥርቶ ያሳያል ማለቱ ግን 12ኛውን አስነሣበት።

12ኛው ወረቀትና እርሳስ ይዞ የመጣ ይመስላል። ጥራትን የሚወስነው የአንዱ ፒክስል መጠንና የሌንሱ የትኩረት ርዝመት (ፎካል ሌንግዝ) ነው። ባለ 12 ማይክሮን ፒክስል ከ35 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ሲሆን አንዱ ፒክስል 100 ሜትር ላይ 3.4 ሴንቲሜትር ይሸፍናል፤ ሴንሰሩ 384ም ሆነ 640 ይሁን ያው ነው። የሚለየው የእይታው ስፋት ነው፦ በ384ቱ 100 ሜትር ላይ 13 ሜትር፣ በ640ው 22 ሜትር ገደማ። ለሚሮጥ የአሳማ መንጋ ይህ ስፋት ትልቅ ነገር ነው፤ ለዝርዝር ግን አይደለም። ሌንሱ ወደ 25 ሚሊሜትር ካነሰ አንዱ ፒክስል 200 ሜትር ላይ 10 ሴንቲሜትር ሊደርስ ምንም አይቀረውም፤ የኮዮቲ ደረት በከፍታው ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ዲጂታል ማጉላት እነዚያኑ ነጥቦች ያተልቃቸዋል እንጂ አዲስ ነገር አያመጣም። ሳጥን ላይ የሚጻፈው የ1,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ርቀት አንዳች ሙቀት አለ ለማለት እንጂ ምን እንደሆነ ለመለየት አይደለም። ጭጋግና ዝናብ ምስሉን ያደክማሉ፤ ቴርማል በመኪና መስታወትም አያይም። ፀሐይ ገና እንደጠለቀች ድንጋዩና መሬቱ ስለሚሞቁ እንስሳው ከጀርባው ጋር ሊመሳሰል ይችላል። በጀቱ ለቴርማል ካልደረሰ ዲጂታል ስኮፕ ከኢንፍራሬድ መብራት ጋር አማራጭ እንደሆነም አነሣ፤ 850 ናኖሜትር ራቅ ብሎ ያበራል፣ ፊት ለፊት ለሚያየው ግን ደብዛዛ ቀይ ጭላንጭል አለው፣ 940 አይታይም፣ ርቀቱ ግን ያንሳል። ከአፈሙዙ ፊት ረጅም ሣር ካለ መብራቱ ተንጸባርቆ ምስሉን ነጭ ያደርገዋል።

13ኛው የክሩን ድምፅ ለወጠው። ቁጣው የተገባ ነው። ስለ ፒክስል የሚከራከሩት ሁሉ ከኢላማው ጀርባ ስላለው ነገር አንድ ቃል አለመጻፋቸውን ወቀሰ። ቴርማል የሽቦ አጥር በአብዛኛው አያሳይም፤ ሩቅ ያለ ቤትም ከመሬቱ ሙቀት ጋር ተመሳስሎ ሊጠፋ ይችላል። የራንች ጠባቂ ውሻ በአንዳንድ ቴርማል ላይ ኮዮቲ ይመስላል፤ ጥጃ ከሩቅ አሳማ ይመስላል። ቦታውን ቀን መርገጥ፣ ቤቱና መንገዱ በየት አቅጣጫ እንዳለ መያዝ፣ ጎረቤት ውሻ እንዳለው መጠየቅ ከስኮፑ በፊት የሚመጣ ነው። ከሁሉ በላይ በጠመንጃ ላይ ባለ ስኮፕ አካባቢን መቃኘት ክልክል መሆን እንዳለበት በጥብቅ ጻፈ፤ እያንዳንዱ የሚቃኘው ነገር ላይ አፈሙዝ ተደቅኗልና። መቃኛው በእጅ የሚያዝ መነጽር ነው፤ ጠመንጃው የሚነሣው ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው። በ13ኛው ላይ አንድም ሰው አልተከራከረም።

14ኛው ስለ ሕጉ ነው። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2019 መጀመሪያ አንሥቶ በግል መሬት ላይ በባለቤቱ ፈቃድ የዱር አሳማ ለሚያድን ሰው የአደን ፈቃድ አትጠይቅም፤ ወቅትም የቁጥር ገደብም የለም፣ ሌሊትም ይቻላል። ኮዮቲ ግን ከብትን ወይም ዶሮን ካላጠቃ ወይም ሊያጠቃ ካልተቃረበ በስተቀር ፈቃድ ይፈልጋል። የሕዝብ መሬት ሌላ ደንብ አለው፤ ሌላ ስቴትም እንዲሁ። ሌሊት ከመውጣት በፊት ለአካባቢው ጌም ዋርደን (የአደን ሕግ አስከባሪ) ደውሎ ማሳወቅ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

15ኛው በዚህ ላይ ለእኛ ሰው የሚበጅ ማሳሰቢያ አከለ። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ የተከለከለ ነው፤ ከተፈቀዱት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ የአንድ ስቴት የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ስለዚህ ቴክሳስ ለአሳማ ፈቃድ አልጠየቀችም ብሎ ባዶ እጁን የሚወጣ ባለ ቪዛ ሌላ ሕግ ይጥሳል። ግሪን ካርድ ያለው በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም።

16ኛው ከርዕሱ ወጣ። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም የማይበላውን እንስሳ ማደኑ ምን ይባላል ብሎ ጀመረና፣ አገር ቤት ገበሬው በቆሎውን ከከርከሮ ለማዳን ማማ ላይ ሌሊቱን ሙሉ በወንጭፍና በጩኸት እንደሚያድር አስታውሶ፣ እንዲህ ዓይነት ቴርማል አንድ ቢላክለት ብሎ ተመኘ። ምኞቱ ከልብ ነው።

17ኛው ምላሹ ሻካራ ቢሆንም የሚጠቅም ነው። የጠመንጃ ስኮፕና ቴርማል በአሜሪካ የኤክስፖርት ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ በሻንጣ አድርጎ መውጣት ወንጀል ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስላላት ለዘመድ ስጦታ ብሎ መላክ ዘመድን እስር ቤት መላክ ሊሆን ይችላል። ስለ ሥጋው ደግሞ አሳማው የሚታደነው እርሻና ግጦሽ እየቆፈረ ስለሚያጠፋ እንደሆነ፣ ሬሳው ምን እንደሚደረግ የሚወስነውም የመሬቱ ባለቤት እንደሆነ ገለጸ። የሚነካው ሰው ግን ጓንት ያድርግ፤ የዱር አሳማ ብሩሴሎሲስ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ ይይዛል፣ በደምም ወደ ሰው ይተላለፋል።

18ኛው ክሩን ወደ ሥራው መለሰው። 56 ሚሊሜትር ሌንስ ስኮፑን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዝ ከፍ ያለ ቀለበት ይፈልጋል፤ ከፍታው ጉንጭን ከሰደፉ ያነሣል፣ ጉንጭ ያልተደገፈ ሰው ደግሞ በጨለማ ክቡን ፈልጎ አያገኝም። ስለዚህ ሰደፉ ላይ የጉንጭ መደገፊያ መጨመር የግዢው አካል ነው። የቀለበቱ ክዳን ብሎኖች በብዛት ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ ይጠብቃሉ፤ የአምራቹ ቁጥር ይቀድማል። እዚያ ላይ የብሎን ማጣበቂያ መቀባት ስህተት ነው፤ ፈሳሹ ብሎኑን ስለሚያንሸራትተው መለኪያው ሳያውቅ ከልክ በላይ ይጠብቃል፣ ቱቦውም ይጨፈለቃል። ዓይን ከሌንሱ የሚርቅበት ቦታ የሚለካው በከፍተኛው ማጉላት ላይ፣ አደን የሚወጣበትን ጃኬት ለብሶ ነው። ለማስተካከል ከ25 ያርድ መጀመር፤ አንዱ ክሊክ ሩብ ኤምኦኤ (የማዕዘን መለኪያ፤ አንዱ 100 ያርድ ላይ 1 ኢንች ገደማ ነው) ከሆነ እዚያ 1 ኢንች ለማንቀሳቀስ 16 ክሊክ፣ 100 ያርድ ላይ 4 ክሊክ ገደማ ያስፈልጋል። ሦስት ሦስት ጥይት ተኩሶ የመሐላቸውን ማረም እንጂ አንድ ቀዳዳን ማሳደድ አይገባም። 100 ያርድ ላይ የተስተካከለ .308 ባለ 150 ግሬን ጥይት 200 ላይ ከ3 እስከ 4 ኢንች ይወርዳል። የአሳማ ልብ ከአጋዘን ልብ ዝቅና ወደ ፊት ያለ በመሆኑ የሚነጣጠረው ትከሻው ላይ፣ በታችኛው ሲሶ ነው፤ ወደ ኋላ የሄደ ጥይት አንጀት ያገኛል፣ እንስሳውም ቆስሎ ጥሻ ይገባል።

19ኛው ጠያቂው ራሱ ነው። ሁሉንም አመስግኖ ለምሽቱ የሚበራ ነጥብና የኋለኛ ፕሌን ያለው 3-12×56 እንደሚገዛ፣ ለሌሊቱ ቴርማል ገንዘብ እስኪጠራቀም እንደሚጠብቅ አስታወቀ። የቀረው ጥያቄ እንስሳውን በ12 እጥፍ ለይቶ ከዚያ ቢተኩስ ምን ችግር አለው የሚል ነው።

20ኛው ሁለት ችግር እንዳለው መለሰ። በ12 እጥፍ የብርሃኑ ክብ 4.7 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ በ8 ግን 7። በተጨማሪም በ12 እጥፍ እይታው ይጠባል፤ ኮዮቲ ሁለት እርምጃ ከተንቀሳቀሰ ከስኮፑ ይወጣል፣ ፍለጋው ሲጀመር ደግሞ አፈሙዙ ይዞራል። መለየቱን 7×50 የእጅ መነጽር ይሥራው፤ ክቡ 7.1 ሚሊሜትር ነው፣ ዋጋውም ከስኮፑ በብዙ ያንሳል። ስኮፑ ገና ሳይመሽ 7 ወይም 8 ላይ ይቀመጥ፤ በጨለማ ቁጥሩ ስለማይነበብ ቀለበቱ ላይ በጣት የሚዳሰስ የፕላስተር ቁራጭ ይለጠፍ። የነጥቧ ባትሪ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ነው፤ ትርፉ በኪስ ይያዝ፣ በየሁለቱ የብርሃን ደረጃዎች መካከል ማጥፊያ ያለው ስኮፕ ከተገኘም እሱ ይመረጥ፤ አንድ ጠቅታ ብቻ ነጥቧን ወደ ለመደችው ደረጃ ይመልሳታልና።